ማስተካከያ፦ ስለ ሁለቱ ወጣት ሰዓሊዎች ኤግዚቢሽን

ቴሌግራም ላይ "ሁለቱም ገብረክርስቶስ ደስታ ካቋቋመው የስነጥበብ ት/ቤት የተመረቁ" እያለ የሚዞረው ፖስት ይስተካከል። ት/ቤቱን በ1950 ዓ.ም ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፣ የት/ቤቱ ስም ራሱ "አለ" ነው እኮ! ገብረክርስቶስ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ እዛ ያስተማረ ነው፣ በስሙ ያለው ደግሞ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው፣ ሰው ሁለቱን ሁሌ ያምታታል። ሁለቱ ወጣት ሰዓሊዎችም ቢሆኑ ከአለ ት/ቤት የተመረቀችው ሴቷ ብቻ ናት፣ ወንዱ በራሱ ነው የተማረው። ደሞ የፖስቱ ፎቶ ላይ ያለው ትልቁ ኮላጅ (ቁርጥራጭ ነገሮች ተለጣጥፈው የተሰራው ስዕል) የሱ ተብሎ ነው የተለጠፈው፣ የሷ ነው፤ የሱ እንጨት ላይ እየቀረፀ የሚያትማቸው ጥቁርና ነጮቹ ናቸው (እነሱም በጣም ያምራሉ በነገራችን ላይ)። ሼር ያደረጋችሁ ካፕሽኑን ኤዲት አድርጉት፣ ቢያንስ የኮላጁን።