በስተር ኪተንን የጣለው ድምፅ አይደለም

ወንድሜ፣ «የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮሜዲያኑ በስተር ኪተን ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ድምፁ ስላላማረ ከሥራ ወጣ» ያልከው ብዙ ሰው የሚለው ቢሆንም ስህተት ነው። ሰውየው እኮ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእናትና አባቱ ጋር መድረክ ላይ ያደገ ነው። ድምፁም ወፈር፣ ጎርነን ያለ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባለድምፅ ፊልሞቹ ደግሞ ጥሩ ገንዘብ አስገብተዋል።

የጎዳው እ.ኤ.አ. በ1928 የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ለትልቁ የሆሊውድ ፊልም ኩባንያ ለኤምጂኤም መፈረሙ ነው። በዚያው ዓመት በወጣ አንድ ፊልሙ ላይ የቤት ፊት ለፊት ግድግዳ እንዳለ ሲወድቅበት አስበው፤ እሱ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ፣ ክፍቱ መስኮት በአናቱ በኩል አልፎት መሬት ላይ ዱብ አለ። ከትከሻው የቀረው ክፍተት ጥቂት ኢንች ብቻ ነበር! እንዲህ ያለውን ነገር ራሱ አስቦና ለክቶ የሚሠራን ሰው ነው ኤምጂኤም ሌሎች የጻፉትን እንዲጫወት ያደረገው። በጣም ያሳዝናል። መጠጡና የትዳሩ መፍረስ ተደራረቡበትና በ1933 አባረሩት።

ደሞ ያኔም አላበቃለትም። ለሌሎች ኮሜዲያን ቀልድ ፈጠረ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሠራ፣ በ1960 የክብር ኦስካር ተቀበለ። በ1966 ሊሞት፣ እስከ 1965 ድረስ ካሜራ ፊት ይቆም ነበር።