ምስጋና ለመርዘኛዋ አማት

ሐዋሳ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ሐይቁ ወርቅ ይመስላል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዛፉ ላይ ወፉ ይንጫጫል፣ ክፍያ የለውም። ታዲያ ማን ያየዋል? ጥቂት እንግዳ፣ ጥቂት ፍቅረኛ፣ ፎቶ አንሺዎች። የቀረነው ጨዋ ሕዝብ በጊዜ ቤታችን ገብተን፣ መጋረጃውን ጋርደን፣ ቴሌቪዥን ላይ የቱርክ ድራማዋ አማት ለምራቷ ሻይ ስትቀዳ እናያለን። ሻዩ ውስጥ ምን እንደጨመረችበት እናውቃለን። ምራቲቱ አታውቅም። «አንቺ ልጅ፣ እንዳትጠጪው!» ብለን እንጮኻለን። ትጠጣዋለች። በነጋታው በሰዓታችን እዚያው ሶፋ ላይ ነን።

ይህን የተባረከ ልማድ የሚተቹ ሰዎች አልጠፉም። ቴሌቪዥኑ ክፋትና በቀል፣ ጥፋትና የዓለም ፍጻሜ ብቻ ሆነ፤ ትንሽ ተስፋ ቢያሳየን ምናለበት ይላሉ። እኔ ግን ውለታ አልረሳም።

የቤት ሰላምን ብቻ ውሰዱ። ሽማግሌ ተቀምጦ ያቃተውን እርቅ የቱርክ ድራማ ፈጽሞታል። «የኔዋ እማማ ወጡ ጨው በዛው ከማለት ሌላ ምን አደረገችኝ?» ትላለች አንዷ ጎረቤቴ። እማማም በበኩላቸው ምራታቸውን ከዚያችኛዋ ጋር ሲያስተያዩ ይመርቋታል። ጉዳዩ ቡና ላይ ይነሳል። አንደኛው ቡና ከመውረዱ በፊት ማን ማንን እንደከዳ ታውቋል፣ በሁለተኛው ፍርድ ተሰጥቷል፣ በረካው ላይ ይግባኝ ይባላል። አባወራው ጥግ ላይ ስልኩን እየነካካ «እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር አላይም» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን «ልጁ የሷ አይደለም እኮ፤ ሆስፒታል ነው የተቀያየረው» ብሎ ሁሉንም ያርማል።

ጥንቃቄያችንም ጨምሯል። በቀደም ለጎረቤቴ የአቮካዶ ጭማቂ አቀረብኩላት። «እስቲ መጀመሪያ አንተ ቅመስልኝ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ግን እስክቀምስ ጠበቀች።

ጆርጅ ገርብነር የሚባል በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያይ ሰው ዓለምን ከሆነችው በላይ ክፉ አድርጎ ይገምታል፣ ሰውንም ለማመን ይቸገራል ይላል። ምስኪን! ይህን እንደ ችግር ነበር የቆጠረው። እኛ ሰፈር ቢኖር ኖሮ የዘበኛ ደመወዝ እንዴት እንደቀረልን ያይ ነበር። ሁሉም ቤት ሁሉንም ቤት በመስኮት ይጠብቃል።

እሁድ ከሰዓት ደግሞ ሌላ በረከት አለ። ተጠፋፍተው የኖሩ ወንድምና እህት ስቱዲዮ ውስጥ ሊገናኙ ነው። በሩ ሊከፈት ሲል ፒያኖው ይጀምራል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል። እኛም እንባችንን ይዘን የምግብ ዘይት ማስታወቂያ እስኪያልቅ እንጠብቃለን።

ወጣቶቹማ ከእኛ ይብሳሉ። የአማት ሻይ አያረካቸውም። በፍላሽ ጭነው የሚያዩት የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም ከተማው ፈርሶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሃ በወረፋ ሆኖ፣ ሰው ነዳጅ ፍለጋ ሲራኮት የሚያሳየውን ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ያለውን እያየ፣ ልክ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ከተማ ስትጨልም የእኛም ሰፈር መብራት ድርግም አለ። ልጁ ጥቁሩን ስክሪን እያየ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በኋላ «ዳይሬክተሩ አንደኛ ነው» አለ።

እነዚያ ፊልሞች የሚሠሩት መብራትና ውሃ እምብዛም በማይቋረጥበት አገር ነው። ለወረፋው ትዕይንት ብቻ ለስንት ሰው ይከፈላል! እኛ ጋ ቢጫው ጀሪካን ራሱ ደጅ ላይ ተሰልፏል፤ ባጃጆቹም ማደያ ፊት በነጻ ይተውናሉ። እንዲህ ያለው ፊልም እንደ ዳጣ ነው፤ ለጠገበ ሰው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ በባዶ ሆድ ግን ያቃጥላል። እኛ በባዶ ሆዳችን እየላስነው «ጨምሩልን» የምንል ጀግኖች ነን።

ለከተማችን የተሰጣትንም ሚና ሳላመሰግን አላልፍም። የአገር ውስጥ ድራማ ሐዋሳ የሚመጣው ለጫጉላ ነው። ሙሽሮቹ ጀልባ ላይ ይወጣሉ፣ ፀጉሯን ንፋስ ይበትነዋል፣ ዓሣ ጥብስ ይጎራረሳሉ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሰው ይካካዳሉ። እዚህ ሰው አይኖርም። እዚህ ሰው አይሠራም፣ አይጣላም፣ አይከስርም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱን የሚሞሉት እነዚያ ሁሉ ወጣት ሴቶች ካሜራው ውስጥ አይገቡም፤ ጫጉላውን ያበላሻሉ።

ደግሞስ ተስፋ የለም ያለው ማን ነው? ሞልቷል እንጂ። ለዜና ክፍል ተሰጥቶ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ክፈቱት። የአስፋልት ግንባታው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው። ቅድመ ዝግጅቱ ተጠናቋል። ርብርቡ ተጠናክሮ ቀጥሏል። የመሠረት ድንጋዩ ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ጭብጨባው ይቀልጣል። ዜና ውስጥ የሚያለቅስ የለም፣ የሚሳሳትም የለም፤ ሁሉም ቆብ አድርጎ ወደ አንድ አቅጣጫ በጣቱ ያመለክታል። ዜናው አልቆ ድራማው ሲጀምር ግን ያው አገር በአንድ ጊዜ መርዝ በመርዝ ይሆናል። የሥራ ክፍፍል ይሏችኋል ይሄ ነው!

ውጤቱም ድንቅ ነው። መርዙን እናምናለን፣ አስፋልቱን እንጠራጠራለን። ምን ይደረግ፣ መርዙን ስትበጠብጠው እጇ ሲንቀጠቀጥ በዓይናችን አይተናል። አስፋልቱን የነገረን ግን ከረባት ያሰረ ሰው ነው።

ተስፋ ድራማ ውስጥ ሲገባ የሚያመጣውን ጣጣ የሚጠራጠር ካለ የአሜሪካኖቹን ይይ። በ1966 እ.ኤ.አ. «ስታር ትሬክ» የሚባል ተከታታይ ፊልም ጀመሩ። አገሩ በዘር ጉዳይ እየታመሰ፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁሯን ኒሼል ኒኮልስን የጠፈር መርከብ መኮንን አድርጎ ቁጭ አደረጋት። ሥራውን ልትለቅ ስታስብ ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት እንዳትለቅ እንደለመናት እሷው ተናግራለች። ስንት ጉዳይ ያለበት ሰው በፊልም ሲጠመድ አያችሁ? ከዚህ የባሰ አለ። ሜይ ጄሚሰን የምትባል ልጅ ያንን እያየች አደገችና በ1992 እ.ኤ.አ. ጠፈር የደረሰች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ቴሌቪዥን አይቶ ከቤት መጥፋት ማለት ይሄ ነው። የእኛ ልጆች፣ ምስጋና ለአማቲቱ ይግባና፣ ሳሎን ውስጥ አሉ።

አገር ቤትም ተሞክሮ ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል የራዲዮ ድራማ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያወራን ነበር። ዘዴው ሚጌል ሳቢዶ የሚባል የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ሰው ያወጣው ነው። ደግ ሰው አለ፣ ክፉ ሰው አለ፣ በመሀል ደግሞ የሚወላውል፣ የሚወድቅ፣ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሰው አለ። አድማጭ ራሱን የሚያየው በዚህ በመሀለኛው ነው። ሕዝቡም በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፈ። ለፖስታ ቤት ምን ዓይነት ሸክም እንደነበር አስቡት። ለአማቲቱ እስካሁን አንድ ሰው ደብዳቤ አልጻፈም፤ ሥራ አታስፈታም።

ይህን ሁሉ ለአንድ የድራማ አዘጋጅ ነግሬዋለሁ። የጫጉላ ቦታ ሊመርጥ መጥቶ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ እየበላን ነበር። «ታሪክ ካለህ አምጣ» አለኝ።

«አንዲት ሴት አለች» አልኩት። «እዚሁ ዓሣ እያጸዳች ትሸጣለች።»

«ጥሩ። ማን መረዛት?»

«ማንም።»

«መንታ እህት አላት?»

«የላትም። ችግሩ ዓሣው እያነሰ ነው። ጠባብ መረብ የሚጥሉ ሰዎች ያልደረሰውን ሁሉ ጠራርገው ያወጡታል። አንደኛው ወንድሟ ነው።»

ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። «እ! ትገድለዋለች።»

«አትገድለውም። ታኮርፈዋለች። ከዚያ እሷም የቤት ኪራይ ሲደርስባት ያንኑ ትንንሹን ዓሣ ተደብቃ ትገዛለች። ይታወቅባታል። ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ታፍራለች፣ ትሳደባለች፣ ጥላቸው ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ሠላሳኛው ክፍል ላይ መረቡ ይቀየራል።»

«ሠላሳ ክፍል ለመረብ?»

«ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ስልሳ ክፍል ፈጅታችሁ የለ?»

አጠገባችን አባ ኮዳዎቹ ተገትረው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። አዘጋጁ አተኩሮ አያቸው። «እነዚህ ወፎች ሬሳ ይበላሉ አይደል?» አለኝ በተስፋ።

«እዚህ የዓሣ አንጀት ነው የሚበሉት።»

«ታዲያ ማን ይሞታል?»

«ማንም አይሞትም አልኩህ እኮ።»

ተነስቶ እጁን ታጠበ። ሂሳቡን እሱ ነው የከፈለው፣ አልክድም። «በጣም ተስፋ ሰጪ ሐሳብ ነው» አለኝ ባጃጁ ውስጥ እየገባ፤ «እንደውልልሃለን።»