ተጓዡን ለ350 ድቦች ሞት ሰበብ አታድርጉት

የስሎቫኪያ መንግሥት በሚያዝያ 2025 እ.አ.አ. 350 ድቦች እንዲገደሉ ሲወስን፣ ከውሳኔው ይልቅ ያናደደኝ የተሰጠው ምክንያት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፊኮ፣ ሰው ወደ ጫካ መግባት በሚፈራበት አገር መኖር አንችልም አሉ። መንግሥት ራሱ 1,300 ገደማ ናቸው ካላቸው ድቦች ሩብ ያህሉ በዚህ ቃል ሞት ተፈረደባቸው። ብዙም ሳይቆይ ሥጋቸው ለሕዝብ ይሸጣል ተባለ። ይህ ሁሉ የሚደረገው በእግር ተጓዡ ስም ነው።

በዴትቫ ከተማ አቅራቢያ አንድ ሰው በድብ ተገድሏል፤ ውሳኔውም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሐዘኑ ከባድ ነው። በመጋቢት 2024 በሊፕቶቭስኪ ሚኩላሽ ከተማ ጎዳና ላይ እየሮጠ አምስት ሰዎችን እንዳቆሰለው ያለ ድብ መወገዱን አልቃወምም፤ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ቡድን አለ። 350 የሚለው ቁጥር ግን የትኛው ድብ ሰው እንዳጠቃ አይጠይቅም። በጥልቁ ደን ውስጥ ሰው አይቶ የማያውቀውንም፣ የመንደር ቆሻሻ የለመደውንም በጅምላ ይቆጥራል።

ሕዝቡ ጫካ ፈራ የሚለው ደግሞ ዓይን ያወጣ ሐሰት ነው። የተጠራጠረ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ቅዳሜ ጠዋት በታትራ ተራሮች ወዳለችው የሐይቅ ዳር መዝናኛ ሽትርብስኬ ፕሌሶ ሄዶ ይመልከት። ከፖፕራድ ወደ ታትራ ተራሮች የሚወጣው የኤሌክትሪክ ባቡር መቆሚያ እስኪጠፋ ይሞላል። 2,501 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ሪሲ ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ በሰንሰለት ተይዞ በሚወጣበት ገደል ሥር ሰው ተራ ይጠብቃል። በመስከረም እንጉዳይ ለቃሚው ቅርጫቱንና ቢላዋውን ይዞ ገና ሳይነጋ ደን ውስጥ ነው። ታትራ ላይ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው አዳልጦት ወድቆ ወይም የበረዶ ናዳ ተጭኖት ነው፤ በዚህም ምክንያት ተራራውን የሸሸ የለም።

ዓለም ስሎቫኮችን የሚያውቃቸው በ2002 የዓለም ሻምፒዮን በሆኑበት የበረዶ ሆኪ፣ በብስክሌተኛው ፒተር ሳጋን፣ በበረዶ ሸርታቴዋ ፔትራ ቭልሆቫ ነው። እኛም የስሎቫኪያዋን ከተማ ኮሺሴን የምናውቃት አበበ ቢቂላ በ1961 ማራቶኗን ስላሸነፈ ነው። የተራው ስሎቫክ ስፖርት ግን የእግር ጉዞ ነው፤ ያም የተገነባው በሕዝቡ በራሱ እጅ ነው። ከ14 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የእግር መንገድ ምልክት የሚቀቡት የተጓዦች ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀለምና ብሩሽ ይዘው ከዛፍ ዛፍ እየሄዱ በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ መስመር ያሰምራሉ። በመንታ መንገዱ ላይ የቆመው ቢጫ ሰሌዳ የሚነግርህ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብህ ነው። ከሪሲ ሥር በ2,250 ሜትር ከፍታ ላይ ላለው የተራራ ማረፊያ ምግቡን በእንጨት መሸከሚያ ጀርባቸው ላይ አስረው የሚያወጡት ሰዎች ናቸው። ታች ጫካው ዳር ተጓዥም ከተቀመጠው ዕቃ አንዱን አንሥቶ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ትኩስ ሻይ ይጠብቀዋል። ክሪቫን የተባለውን ተራራ የስሎቫክ ብሔራዊ ንቅናቄ መሪው ሉዶቪት ሽቱርና ጓደኞቹ በ1841 የወጡት አገራዊ ስሜታቸውን ለመግለጽ ነበር። ዛሬ ያ ተራራ በስሎቫኪያ የዩሮ ሽርፍራፊዎች፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ አምስት ሳንቲሞቹ ላይ ተቀርጿል፤ በየነሐሴውም ሕዝብ በጋራ ይወጣዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ድብ በስሎቫኪያ ሊጠፋ ደርሶ ጥበቃ ያገኘው በ1932 ነው። የታትራ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1949 ነው። ድቡ እየበዛ በመጣባቸው በእነዚያ አሥርት ዓመታት ተጓዡም በዛ። ሁለቱ አብረው ያደጉበትን ጫካ ዛሬ ተነሥቶ ለሁለቱ አይበቃም ማለት ታሪኩን መካድ ነው። ደግሞም ተጓዡ ለተፈጥሮ ቦታ መልቀቅን ከማንም በላይ ያውቅበታል፤ የታትራ ከፍተኛ መንገዶች ከኖቬምበር ጀምሮ ለሰባት ወራት ያህል ሲዘጉ ሕዝቡ ተቀብሎት ይኖራል። ለበረዶውና ለአራዊቱ ሲል ከግማሽ ዓመት በላይ ከሚወደው ተራራ የሚቀር ሰው፣ ለመዝናኛዬ ብላችሁ ግደሉልኝ ብሎ አልጠየቀም።

ድብን ወደ መንደር የሚጠራው ክዳኑ በቀላሉ የሚከፈት የቆሻሻ ገንዳና እስከ ደኑ ጥግ የተዘራ በቆሎ ነው። በዚህ ላይ እጁን አጣጥፎ የከረመ መንግሥት በዚያው በሚያዝያ 2025 በ55 ወረዳዎች አስቸኳይ ሁኔታ ማወጁ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለአደኑ የሚወጣው ገንዘብ ድብ የማይከፍተው ገንዳ ይግዛ፤ ለአጥቂ ድቦች የተቋቋመው ቡድንም ሰውና መኪና ይጨመርለት። የአካባቢ ሚኒስትሩ ቶማሽ ታራባም በተጓዡ ስም ሌላ የግድያ ቁጥር ከመፈረማቸው በፊት፣ ብሩሽ ይዘው ደኑን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልሉትን በጎ ፈቃደኞች ጠርተው ድቡን ትፈሩታላችሁ ወይ ብለው ይጠይቋቸው።