ከረጢቱን ያመጣው የአሰር እጦት ነው?

ዳይቨርቲኩላር በሽታ የሚባለው በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ ትንንሽ ከረጢቶች ወጥተው ሲቆጡ ወይም ሲደሙ ነው። ክርክሩ፦ ዋናው መንስኤ የአሰር፣ በተለምዶ ፋይበር የምንለው፣ እጦት ነው ወይስ አይደለም?

ደጋፊ፦ ጎማ ሲቀደድ ከመነዳሪው በቀዳዳው እንደሚወጠር አስቡት። አሰር ሲያንስ ሰገራ ይደርቃል። አንጀት ያንን ለመግፋት ይጨመቃል፣ ውስጡም ግፊት ይጨምራል። ያን ጊዜ የደም ሥሮች ግድግዳውን በስተው በሚያልፉበት ስስ ቦታ ሽፋኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ኡጋንዳ ለዓመታት የሠራው ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከኒል ፔይንተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ ጽፏል። በወቅቱ በሽታው በአፍሪካ ገጠር እምብዛም አይታይም ነበር። ከምዕራቡ ዓለም ውጭ መጥተው ስዊድን የገቡ ስደተኞችም መጀመሪያ ብዙም አይታመሙም ነበር፤ ሲቆዩ ግን እየጨመረባቸው ሄደ። አንጀታቸው ያው ነው። የተቀየረው አገሩ ነው።

ተቃዋሚ፦ ከመነዳሪዋን ወድጃታለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች በኮሎኖስኮፒ፣ ትልቁን አንጀት ከውስጥ በሚያሳይ ካሜራ፣ ታይተው ነበር። ከረጢት የበዛው ብዙ አሰር በሚበሉት ላይ ሆኖ ተገኘ! የሆድ ድርቀት ያለባቸውም ከሌላው አልባሱም። በምዕራቡ ዓለም ከረጢቱ የሚበዛው በግራ በኩል ነው፣ በምሥራቅ እስያ ደግሞ በቀኝ። ማዕድ ብቻ ቢሆን ጎን ይመርጣል? በስዊድን መንትዮች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ 40 በመቶ ገደማውን ለዘር ውርስ ሰጥቶታል።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ያ የ2012ቱ ጥናት የጠየቀው ሰሞኑን የተበላውን ነው። ከረጢት ግን የአሥርተ ዓመታት ሥራ ነው። ደግሞ ከረጢት መያዝና መታመም ይለያያሉ። አብዛኛው ሰው ይዞት ያረጃል እንጂ አያውቀውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሕመሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የብሪታንያ ጥናት 47,000 ያህል ሰዎችን ተከታትሎ፣ ሥጋ የማይበሉት ላይ በሽታው በ31 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል።

ተቃዋሚ፦ እሱን እቀበላለሁ፣ ቀይ ሥጋ ከጥፋቱ ነጻ አይደለም። ግን ለሕመሙ ከሆነ ውፍረትን፣ ሲጋራን፣ ከሁሉ በላይ የሕመም ማስታገሻዎቹን፣ እነ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን፣ ምነው ዘለሏቸው? አዘውትሮ ለሚውጣቸው ከረጢቱ የመድማትም የመቀደድም ዕድሉ ይጨምራል። እኛ ግን የምንፈራው «ከረጢቱ ውስጥ ይገባል» እያልን እንደ ፈንዲሻ ያለውን ጥራጥሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ 47,000 ወንዶችን ለ18 ዓመት የተከታተለው የአሜሪካ ጥናት ፈንዲሻና ለውዝ የሚበሉት አብልጠው እንዳልታመሙ አሳይቷል።

ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ያለችው አክስቴ፣ ከረጢቱ እንዳለባት ሐኪም ከነገራት ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር ፈንዲሻውን በእጇ ገፋ ታደርጋለች። «ይገባብኛል» ትላለች። ለወገቧ የምትውጠው ዳይክሎፌናክ ግን ከቦርሳዋ ጠፍቶ አያውቅም።