«አልደረሰም፣ ሐሙስ ተመለሺ»

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተነስቼ መሃል ከተማ ያለው ላብራቶሪ ለመድረስ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። አምና ይህን መንገድ ለአንዲት ወረቀት ስል አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ሦስቱን ጊዜ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ መዝገቧን ገለጥ አድርጋ «አልደረሰም፣ ሐሙስ ተመለሺ» አለችኝ።

ውጤቱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ካንሰር አልነበረም። ፋይብሮአዴኖማ የሚሉት፣ በወጣት ሴቶች ጡት ላይ በብዛት የሚታይ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። የምጽፈው ግን ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለጠበቅኩባቸው 24 ቀናት ነው።

ከጡቴ የተወሰደውን ናሙና ፎርማሊን የሚባል፣ ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ ዕቃ አድርገው ለእኔው ሰጡኝ፤ «ላብራቶሪ አድርሺው» ተባልኩ። ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ፣ የገዛ ሥጋዬን ጭኔ ላይ ይዤ በታክሲ ሄድኩ። ማንም አላወቀም። ማንም አለማወቁ ነበር የሚከብደው።

ለእናቴ ልነግራት ሞከርኩ። ገና «ምርመራ» ከማለቴ «በስመ አብ በይ! አታሟርቺ!» አለችኝ። ክፉ ነገር ስሙ ሲጠራ ይመጣል ብለን ስለምናምን፣ ውጤት የምትጠብቅ ሴት አፏን ይዛ ትቀመጣለች። ቀን እንደ ሰው ትሠራለች፤ ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና ጡቷን ስትነካካ ታድራለች። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እብጠቱ የጨመረ የሚመስለኝ ደግሞ ሁልጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር የምናውቅ ሰዎች ነን። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ይጠራል፣ አንደበቱ የሚሰማ ሰው ይመረጣል፣ ንጋት ላይ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ መርዶ የሚነገራት ሴት ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል። ከአካል የተወሰደ ናሙና ምርመራ (ባዮፕሲ) ውጤት ግን በመስኮት፣ በታሸገ ፖስታ ይሰጣል። ሴትየዋ ታክሲ ውስጥ ቀድዳ ታየዋለች። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ስልኳ ላይ ትፈልጋለች፤ ስልኩ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያሳያት የከፋውን ነው።

ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ተናድጄ አንዱን የላብራቶሪ ሠራተኛ «አንድ ሥጋ ለማየት ይህን ያህል ቀን?» አልኩት። ሳይቆጣ አስረዳኝ። የጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢበዛ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ከዚያ ውሃው በአልኮል ተመጥጦ ይወጣና ሰም ውስጥ ይቀበራል፤ ሰሙ ከፀጉር በእጅጉ በቀጠነ ውፍረት ይከተፋል፤ ቀለም ይነከርና ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። አንዳንዴ ሌላ ቀለም ያስፈልጋል፤ አንዳንዴ ሁለተኛ ሐኪም እንዲያየው ይደረጋል። ፓቶሎጂስት ደግሞ በአገራችን ጥቂት ነው። «መዘግየቱ ብቻውን ክፉ ነው ደግ ነው አያሰኝም» አለኝ። ያን ሌሊት ተኛሁ። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ወሬ ነው፤ ገና ናሙናውን ስሰጥ ቢነገረኝ ምን ነበር?

አቤቱታዬም እዚህ ላይ ነው። ባንኬ ሃምሳ ብር ሲቀነስብኝ ወዲያው መልእክት ይልክልኛል። «ውጤትሽ ደርሷል፤ ከምታምኚው ሰው ጋር ሐኪምሽ ዘንድ ነይ» የሚል መልእክት መላክ የሚያቅተው ተቋም ግን ብዙ ነው። ውጤቱ ራሱ በስልክ ይነገር አላልኩም፤ ያ ከፖስታው የባሰ ይሆናል። እኔ ሦስት ጊዜ ብመለስ የጠፋብኝ የታክሲ ሒሳብና ፈቃድ ነው። ከገላን የምትመጣ የቀን ሠራተኛ ግን በእያንዳንዱ «ተመለሺ» የዕለት ገቢዋን ታጣለች። ሦስተኛው ላይ ትቀራለች። ጥቂት ቀናት መዘግየት ሕክምናውን ብዙ አይጎዳውም፤ ወራት ግን ይጎዱታል። የአገራችን ሴቶች የጡት ካንሰር ከተስፋፋ በኋላ ነው የሚመጡት ሲባል፣ ሁሌም «ግንዛቤ ማነስ» ላይ ይላከካል። መጥታ የተመለሰችውን ማን ይቆጥራታል? ጠበል ሄደች ብለን የምንወቅሳትም፣ እዚያ ቢያንስ «ሐሙስ ተመለሺ» የሚላት የለም። ጠበሉንም ትጠመቅ፤ ቀጠሮዋን ግን እንዳታሳልፍ የምንረዳት እኛ ነን።

እኔን ያተረፈችኝ ታች ቤት ያለችው እትዬ ናት። ቡና ስንጠጣ ስኳር መስሎኝ ጨው ጨመርኩላት። ቀምሳ ስኒውን አስቀመጠችና «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ነገርኳት። «አይዞሽ፣ ምንም የለም» አላለችም። ይህን ቃል እጠላዋለሁ፤ ተናጋሪውን ያሳርፋል እንጂ ለሰሚው ምንም አያደርግም። እሷ የጠየቀችኝ «ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» ብላ ነው።

በአራተኛው ሐሙስ ልጅቷ ፖስታውን በመስኮት አወጣችው። እጄን ከመዘርጋቴ እትዬ ቀድማ ተቀበለችና ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። «ሐኪሙ ሳያየው አይከፈትም» አለች። ሆስፒታሉ ድረስ በእግራችን ሄድን፤ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ውሃ፣ ስለ ልጇ ትዳር አወራችኝ። ስሜ ሲጠራ አብራኝ ተነሳች።