አንድ ድስት ለሁሉም ልጅ አይበቃም

«እኛ ዘንድ ሁሉም ልጅ እኩል ነው፤ አንድ ዓይነት ይበላል፣ አንድ ዓይነት ይለብሳል።» ይህን የሕፃናት ማሳደጊያ ኃላፊዎች በኩራት ሲናገሩት ይሰማል። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ እኩልነት የሚጎዳው በቁጥር ያነሰው ልጅ ነው።

ፋሲካን እናስብ። በጉ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ ድስቱ አንድ ነው፣ ለሙስሊሙ ልጅ ሽሮ ይቀርብለታል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው ሥጋው ይሰጠዋል፣ ርቦታልና ይበላል፣ ከዚያ ቤተሰቦቹ ያስተማሩትን እያሰበ ሲብሰለሰል ያድራል። መፍትሔው ውድ አይደለም። በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ፣ ለብቻው የተቀመጠ ድስት፣ በረመዳን ሌሊት ተነሥታ ሱሁር የምታቀርብ ሞግዚት ይበቃሉ። ክርስቲያን ልጆች በሚያንሱበት ቤትም ጾማቸው እንዲሁ ይከበር።

ከአዊ የመጣ ሕፃን አዊኛ ብቻ እየተናገረ ባሕር ዳር ሲገባ አማርኛ ቶሎ ይለምዳል፤ ሁሉም ይደሰታል። አዊኛው ግን የሚያናግረው አጥቶ ይረሳል። አያቱ ሊጠይቁት ሲመጡ በምን ቋንቋ ያጫውታቸው? አዊኛ በአዊ ዞን ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን የሚችል አንድ ሠራተኛ መቅጠር የሚያቅት አይመስለኝም።

ስድቡ ከሁሉ ይከፋል። ከጣና ዳር የመጣ የነገደ ወይጦ ልጅ አብሮት የሚቆርስ ሲያጣ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ «ቡዳ» ሲባል፣ ልጆቹ ይህን የተማሩት ከእኛ ከአዋቂዎች ነው። ሰምታ ዝም ያለች ሞግዚት ስድቡን አጽድቃዋለች። በዚህ ጉዳይ «ልጆች ናቸው፣ ይተዉታል» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ያ ልጅ ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 20 ከቤተሰቡ የተለየ ሕፃን አማራጭ እንክብካቤ ሲፈለግለት ለብሔሩ፣ ለሃይማኖቱ፣ ለባህሉና ለቋንቋው ተገቢው ትኩረት እንዲሰጥ ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዲህ ይህ የሚተገበረው በኃላፊው በጎ ፈቃድ ብቻ መሆን የለበትም።

ዕቃ ማጠቡ ለሴቶች፣ ኳሱ ለወንዶች የሚሆንበት የሥራ ድልድልም ይቅር። ዊልቸር የማያስገባ መጸዳጃ ቤትም ይስተካከል።

ልጅ ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ስምና ዕድሜ ጠይቆ አይቁም፤ ቋንቋውን፣ እምነቱን፣ የሚበላውንና የማይበላውን ከልጁ ከራሱ ይጠይቅ። ለቁጥጥር የሚላኩ ባለሙያዎችም አልጋና መዝገብ ከማየት አልፈው በምሳ ሰዓት ይምጡ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ለብቻው እንደሚቀመጥ ይመልከቱ።