ደብተር ግዛ ይሉሃል

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከባድ መከራ ያለፈበት ሰው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ባለሙያ ዘንድ ሲሄድ፣ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «ደብተር ግዛና ጻፍ፤ ራስህን ተንከባከብ» የሚል ነው። ምክሩ ያበሳጨኛል፤ ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ ያበሳጨኛል።

ሀገር ቤት ኀዘንተኛን መንከባከብ የጎረቤት ሥራ ነው። እዝኑ ይመጣል፤ «ለእኔ ስትል እህል ቅመስ» እየተባለ በግድ ይጎርሳል፤ ብቻውን እንዳያድር መደብ ላይ አብረውት የሚተኙ አሉ። እዚህ ኀዘንተኛው ራሱ ሱቅ ሄዶ መዓዛ ያለው ሻማ፣ የመታጠቢያ ጨውና ሽፋኑ ያማረ ደብተር ይገዛል። ለራሱ የሚያዝንበትን ዕቃ ዋጋ እያወዳደረ!

ደብተሩ ግን ከሻማው ጋር የሚደመር አይደለም። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ ጥናቱ ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ አስጽፏል። ገሚሶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ክፉ ነገር ጻፉ። የሆነውንና የተሰማቸውን አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። ደብተር ሻጮች የማይነግሩን ግን፣ እነዚሁ ተማሪዎች ብዕር ባስቀመጡበት ሰዓት ከበፊቱ ይልቅ ከፍቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩም ጥቅሙ መጠነኛ ነው። ተመራማሪው ራሱ፣ መጻፉ ከአቅም በላይ የሚያስጨንቅ ከሆነ አቁሙ ይላል።

«ሰው ባለበት ሀገር ደብተር ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ለሞት ልክ ናቸው። ለሞት ድንኳን፣ አልቃሽ፣ ሠልስትና አርባ አለው። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ በአሠሪ ቤት የተደበደቡና የተደፈሩ ሴቶችም አብረው መጥተዋል። ለእነርሱ ድንኳን የጣለ አልነበረም። ብዙዎቹን የጠበቃቸው «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ዐይን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቤት ሲሞላ፣ የሚነገረው ነገር ያንሳል፤ የተናገሩት ነገ ቡና ላይ ይመጣልና ሆድ ይፍጀው ይባላል።

እንዲህ ላለችው ሴት ደብተር ቢኖራት መልካም ነበር። የት ታስቀምጠዋለች? አራት ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል ውስጥ ወንድም ያነበዋል፣ እናት ታገኘዋለች። ፊደል ያልቆጠረችም አለች። ለብቻ መጻፍ የሚቆለፍ በር ይፈልጋል፤ መካሪዎቹ ይህን ጨርሶ የሚያስቡት አይመስለኝም። ከቤሩት የተመለሰች የማውቃት ሴት በስልኳ ለራሷ መልእክት ትጽፍና ወዲያው ትሰርዘዋለች። ፍራሽ ሥር ከሚደበቅ ደብተር ይሻላል ትለኛለች፤ እኔም አምናታለሁ።

እዚህ ደግሞ የሚቆለፍ በር ሞልቷል፤ የሚያንኳኳ ነው የጠፋው። በእርግጥ መርዶ ሲመጣ የእኛ ሰው ጎበዝ ነው። ገና ሳይነጋ ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ምግቡን ያዋጣል፣ እድሩ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት እስከ መላክ ይደርሳል። ከሠልስት በኋላ ግን ሁሉም ወደ ሌሊት ሥራው ይመለሳል። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀለት እናቱን መቅበር ያልቻለ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ክረምት ከደብተሩ ጋር ብቻውን ይገፋዋል። እድሮቻችን ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እንደሚመርጡ ሁሉ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ስልክ የሚደውል፣ እግረ መንገዱንም ሽሮ ይዞ ብቅ የሚል አንድ ሰው ቢመርጡ መዋጮውን አይጨምርም።